የወንድ ይሁን የሴት ወይስ የማንም? ለህብረተሰብ ጤና ፖስተር ምስል ስትመርጡ

ለጤና ፖስተር ወይ ለቴሌግራም ቻናል ፕሮፋይል ወይ ለወርክሾፕ ባነር "አንድ ምስል አምጣ" ሲባል ሁሌ የሚመጡት እነዛው ናቸው። ስቴቶስኮፕ አንገቱ ላይ የጣለ ወንድ ዶክተር፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ያ ሁለት እባብ የተጠመጠመበት ዱላ፣ በቃ። ከዛ የሆነ አለቃ ያይና "ይሄ ሁሉንም አያካትትም፣ ጾታ የማይለይ ነገር ይሁን" ይላል፣ ዲዛይነሩ ደሞ ፊት የሌለው ክብ ጭንቅላት ሰው ከካንቫ (ዲዛይን መስሪያ አፕ) አውርዶ ይለጥፋል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ይታተማል። እኔ እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። ፊት ስላጠፋን ጾታ አልጠፋም፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ወንድ ነው የሚሆነው፣ ቆይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለዩ። ምስሉ ተቋሙን ነው የሚወክለው (ሎጎ፣ ፕሮፋይል፣ የሪፖርት ሽፋን) ወይስ ሰው የሆነ ነገር እንዲያደርግ ነው የሚነግረው (እጅ ታጠቡ፣ አጎበር ስቀሉ፣ ልጅ አስከትቡ)? ሁለቱን አንድ ላይ መፍታት የሚፈልግ ሰው ነው ሁሌ የሚቸገረው። ለተቋም ምልክት ይበቃል፣ ለድርጊት ግን ምልክት ምንም አይሰራም፣ እባብ እያየ እጁን የሚታጠብ ሰው የለም።

ምልክቶቹ

ከእባቡ እንጀምር። ትክክለኛው የህክምና ምልክት አንድ እባብ ያለበት ዱላ ነው፣ የአስክሊፒየስ (የግሪኮች የህክምና አምላክ) ዱላ የሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1948 ጀምሮ አርማው ላይ ያደረገው እሱን ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው የሄርሜስ ነው፣ የነጋዴና የመልእክተኛ አምላክ። የአሜሪካ ጦር የህክምና ክፍል በ1902 ሁለት እባቡን ወስዶ ምልክቱ አደረገው፣ ለመደባለቁ አንዱ ትልቅ ምክንያት እሱ ነው፣ ዛሬ እኛም ሰፈር ግማሹ ክሊኒክ የነጋዴውን ምልክት ሰቅሏል (አንዳንዱ ሂሳቡን ስታዩት ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል)። ለማንኛውም ጾታ የለውም፣ ሃይማኖት የለውም፣ ለሪፖርት ሽፋን ጥሩ ነው። ለገጠር ፖስተር ግን "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚባልበት አገር እኮ ነው ያለነው፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እባብ ሲያይ መርዝ ወይ ሰይጣን ነው ትዝ የሚለው፣ ጤና አይደለም። ደሞ የዓለም ጤና ድርጅትን አርማ ከነካርታው ኮፒ አድርጋችሁ ፖስተር ላይ አትለጥፉ፣ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ቀይ መስቀል በነጭ ላይ፦ ተዉት። የጤና ምልክት ይመስላል ግን አይደለም፣ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ የጦርነት ጊዜ መለያ ነው፣ የጦር ሰራዊት ህክምና ክፍሎችና የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማህበራት ናቸው የሚጠቀሙበት። እኛ አገር ማህበሩ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ፋርማሲው፣ ፈርስት ኤይድ ሳጥኑ፣ የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ሁሉ ቀይ መስቀል ይቀባል፣ ሁሉም ያለ መብቱ ነው። አካታችነት ላይ ደሞ ከዚህ ምልክት የተሻለ ትምህርት የለም፣ ለአንዱ መስቀል ነው ተብሎ ቀይ ጨረቃ መጣ፣ ሁለቱም ሃይማኖት ይሸታሉ ተብሎ በ2005 ቀይ ክሪስታል የሚባል ባዶ ዳይመንድ ተጨመረ፣ እሱን ደሞ ከማህበሩ ሰዎች ውጪ ማንም አያውቀውም። ማንንም የማያስቀይም ምልክት ማንም የማያውቀው ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ያዙልኝ። የግድ ፕላስ ከፈለጋችሁ አረንጓዴ ላይ ነጭ ፕላስ አድርጉ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዓለም አቀፍ ምልክት እሱ ነው።

ልብ ጾታ የለውም፣ ግን ፍቅርም ነው፣ የልብ ህመምም ነው፣ ያቺ የምትዘል የልብ ምት መስመር ከተጨመረችበት ደሞ የጂም አፕ ይመስላል። ለህብረተሰብ ጤና ደካማ ምርጫ ነው፣ እለፉት።

ፊት የሌለው ክብ ጭንቅላት

በ1974 የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ከግራፊክ ዲዛይነሮች ማህበር ጋር ሆኖ ለኤርፖርትና ለጣቢያ የሚሆኑ 34 ምልክቶች አወጣ፣ በ1979 ወደ 50 አደጉ። ዛሬ ሽንት ቤት በር ላይ የምታዩዋቸው ሰዎች የዛ ቤተሰብ ናቸው። እዛ ስብስብ ውስጥ ሴቷ ቀሚስ አላት፣ ወንዱ ምንም የለውም። ችግሩ ያ ምንም የሌለው ምስል በሌላው ቦታ ሁሉ "ሰው" ሆኖ ነው የሚያገለግለው፣ መጠበቂያ ክፍል የተቀመጠውም እሱ፣ አሳንሰር ውስጥ የቆመውም እሱ። ስለዚህ አይናችን ለሃምሳ አመት የለመደው ህግ "ምልክት ከሌለው ወንድ ነው" የሚል ነው፣ እናንተ ዛሬ ገለልተኛ ነው ብላችሁ ስለለጠፋችሁት ህጉ አይቀየርም።

ካላመናችሁ ሞክሩት። እጁን የሚታጠብ ክብ ጭንቅላት ሰው በኤ4 አትሜ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ወረፋ ለሚጠብቁ ሰዎች አሳየሁ፣ "እዚህ ላይ ምን ይታያችኋል" ብቻ ነው ያልኩት፣ ወንድ ሴት የሚል ነገር ከአፌ አልወጣም። "ሰውዬው እጁን እየታጠበ ነው"፣ "አንድ ሰውዬ ውሃ ይቀዳል"፣ ሁሉም ሰውዬ ነው ያሉት፣ ሴቶቹም ጭምር። አንዲት እናት ደሞ ትንሽ ጠጋ አድርገው አይተው "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጎበጠው፣ ሆዱን ነው ያመመው?" አሉኝ፣ ምስሉ ከቧንቧው ስር ጎንበስ ብሎ ነበር።

እና ፒክቶግራም (እንዲህ ያለ ቀለል ያለ የስዕል ምልክት) አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። አቅጣጫ ለመጠቆም፣ "ተራ መጠበቂያ" ወይ "ክትባት ክፍል" ለማለት ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ለባህሪ ለውጥ መልእክት ግን ሰው ራሱን አያይበትም። የግድ ከሆነ አንድ ብቻ አታድርጉ፣ ሦስት አራት የተለያየ ቁመትና ቅርጽ ያላቸው፣ አንዱ ክራንች የያዘ፣ አንድ ያጎነበሱ ሽማግሌ ወይ አሮጊት፣ አንዱ ህፃን፣ እንደዛ ሲሆን ቢያንስ "ሰውዬው" መባሉ ቀርቶ "ሰዎች" ይባላል።

እጅና እቃ (የኔ ምርጫ)

ለአብዛኛው መልእክት ከሁሉም የተሻለው ሰውየውን ማሳየት ትቶ ድርጊቱን በቅርብ ማሳየት ነው። ውሃ ስር ያለ ሳሙና የያዘ እጅ። ፍራሽ ስር የሚገባ የአጎበር ጫፍ። ተበስቶ የተንጠለጠለ ሃይላንድ፣ ከስሩ ሳሙና በክር የታሰረ። የህፃን የተከፈተ አፍና ከላይ የፖሊዮ ጠብታ፣ የህፃን ጾታ እኮ ከፊቱ አይታወቅም፣ ከዚህ በላይ ገለልተኛ ምስል የት ይገኛል። በፖሊዮ ዘመቻ ጣት ላይ የሚደረገው ቀለምም እንደዛው ነው፣ አንድ ትንሽ ጣት ቀለም ነክቷት ብትታይ ዘመቻ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

እጅም ግን ይናገራል፣ ተጠንቀቁ። ጥፍር ቀለም፣ አምባር፣ ቀለበት፣ ጸጉራም ክንድ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣ ሁሉም ጾታ ይነግራል። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ብቻ ይታይ፣ ጌጥ አይኑረው፣ ጥፍሩ አጭር ይሁን (ለንጽህና መልእክት ረጅም ጥፍር ማሳየትም ራሱ ቅሌት ነው)። ቀለሙ ደሞ የኛ ሰው ቀለም ይሁን፣ ከውጪ ድረገጽ የወረደ ሮዝ እጅ ቆላ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አንድ በጣም የምወደው አማራጭ አለ፣ ማስታጠብ። አንዱ በጆግ ያፈሳል ሌላው ይታጠባል፣ ከዚህ በላይ የኛ የሆነ የንጽህና ምስል የለም፣ ማስረዳትም አያስፈልገውም። ግን ጆጉን የያዘው እጅ ማን ነው? በልማድ ሴት ልጅ ወይ ታናሽ ናት የምታስታጥበው፣ ታጣቢው ደሞ አባወራ ወይ እንግዳ። ሙሉ ሰውነታቸውን ከሳላችሁ ያንን ልማድ ደግማችሁ ታትማላችሁ፣ አራት እጅ ብቻ ካሳያችሁ ግን ማን ለማን እንደሚያስታጥብ አይታወቅም፣ ልማዱ ሙሉ ሆኖ ደረጃው ይጠፋል። ይሄ እንግዲህ ምስል በመቁረጥ ብቻ የሚገኝ ነው፣ ምንም ብር አይጠይቅም።

ከእቃዎች ውስጥ ስቴቶስኮፕን አልወደውም። ጾታ የለውም እውነት ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ሃኪም ነው፣ የታመመ ሰው ስለማከም። የህብረተሰብ ጤና ደሞ አብዛኛው ሰው ሳይታመም በፊት ነው፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አጎበር፣ ክትባት፣ የምግብ ጨው፣ የመኪና ቀበቶ። መርፌም ያስፈራል፣ በተለይ ደም ካለበት። አፕል ራሱ በ2021 የመርፌ ኢሞጂው ላይ የነበረውን ደም አንስቶ ባዶ አድርጎታል፣ ያኔ የኮቪድ ክትባት ጊዜ ነበርና ሰው ሁሉ ለክትባት ነበር የሚጠቀምበት።

ኢሞጂ ካነሳን አይቀር፣ ለቴሌግራም ፖስት ከሆነ የጤና ባለሙያ ኢሞጂ በ2016 ወንድና ሴት ተብሎ ሁለት ብቻ ነበር የወጣው፣ ጾታው ያልተለየው በ2019 መጣ። ስልካችሁ ላይ ሦስቱም አሉ፣ መሃለኛውን ፈልጉ። ከዛ በላይ አትጨነቁበት፣ በዛ መጠን ማንም ጸጉሩን አያይም።

ፎቶ ወይስ ስዕል

ፎቶ አመኔታ ያመጣል። ሰው የሰፈሩን ሰው የሚመስል ፊት ሲያይ "ይሄ ለኔ ነው" ይላል፣ ስዕል ይሄን ያህል አያደርግም። ግን ሁለት ትልልቅ ችግር አለው። አንደኛው፣ ነውር የሚለጠፍባቸው በሽታዎች ላይ (ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ ስጋ ደዌ፣ የአእምሮ ህመም) ፎቶው ላይ ያለው ሰው ታማሚ ነው ተብሎ ይወራል። ፈቃድ ፈርማ ሊሆን ይችላል፣ ፖስተሩ ሦስት አመት ተለጥፎ ሲቆይ እሷ ግን አግብታ ሌላ ከተማ ገብታ ይሆናል፣ ፊርማዋ ያኔ አያድናትም። እዛ ላይ ያለ ክርክር ስዕል።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፣ ማን ቆሟል ማን ተቀምጧል፣ ማን ይሰጣል ማን ይቀበላል። ወንድ ሃኪም ቆሞ፣ እናት ከልጅዋ ጋር ተቀምጣ ቀና ብላ እያየችው፣ ይሄን ምስል ሺህ ጊዜ አይታችሁታል። አንዳንዱ ይሄን ለማስተካከል ቶሎ ብሎ ይገለብጠዋል፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን ወንድ ያደርጋታል ለምሳሌ። አይ፣ እሱ ውሸት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ከራሳቸው አካባቢ ተመልምለው አስረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ አመት ሰልጥነው ነው የገቡት፣ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል፣ ወንዶች የገቡት በተለይ አርብቶ አደር አካባቢ ነው። ቦርሳ አንግተው ቤት ለቤት ሲዞሩ የኖሩት እነሱ ናቸው፣ በአካታችነት ስም ፎቶው ላይ በወንድ መተካት ስራቸውን መውሰድ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ሰጪዋን አትንኩ፣ ተቀባዩን ቀይሩ ነው። ልጅ አቅፎ ክትባት ወረፋ ላይ የቆመ አባት። ባለቤቱን ለቅድመ ወሊድ ክትትል አጅቦ የመጣ ባል፣ ግን ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ። የአስማ ፓምፕ የያዘች ወጣት፣ የደም ግፊቱን የሚለካ ሹፌር። እናት ብቻ በታየችበት ቦታ ሁሉ አባት "ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም" ብሎ ያልፋል፣ ፖስተሩ ራሱ ፈቅዶለታል እኮ።

ሰጪውን መቀየር ያለባችሁ ምስሉ ውሳኔ ሰጪ ሲያሳይ ነው፣ ስብሰባ የሚመራ፣ ሪፖርት የሚፈርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት ከጤናና ማህበራዊ ዘርፍ ሰራተኛው ወደ 70 በመቶው ሴት ነው፣ ከፍተኛ አመራሩ ላይ ግን 25 በመቶ ብቻ። እኛ ጋ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጤና ሚኒስትሮቹ ዶ/ር ሊያ ታደሰና ከሷ ቀጥሎ ዶ/ር መቅደስ ዳባ ናቸው፣ ባነሩ ላይ ግን አሁንም "ኃላፊ" ሲባል ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነው የሚሳለው፣ ከዜናው ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት ነው።

ስዕል ስታሰሩ ልብስ ላይ ጊዜ ስጡ። ሻሽ ሴት ይላል፣ ባርኔጣ ወንድ ይላል፣ ማተብ ክርስቲያን ይላል፣ ሂጃብ ሙስሊም ይላል፣ የሆነ አካባቢ ጥልፍ ደሞ ብሄር ይላል። ሁሉንም አጥፍታችሁ ሁሉንም ግራጫ ቲሸርት ማልበስ መፍትሄ አይደለም፣ ማንንም አይመስልም። ብዙ ሰው ካለበት ቀላቅሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ጋቢ አልብሱት። ውጪ ወንዶች ናቸው የሚያዘወትሩት፣ ቤት ውስጥ ግን የታመመ ሰው ሁሉ ጋቢ ነው የሚደርበው፣ እናትም አባትም። ጋቢ ተከናንቦ ከጀርባ የሚታይ ወይ እስከ አገጩ የተሸፈነ ሰው ለ"ትኩሳት ካለብዎ" አይነት መልእክት ከየትኛውም ክብ ጭንቅላት ይበልጣል።

ኤአይ ላይ ሄዳችሁ "ዶክተር" ብላችሁ ብታዙት ብዙ ጊዜ ወንድ ያመጣል፣ "ነርስ" ካላችሁ ሴት፣ "ኢትዮጵያዊ" ስትጨምሩ ደሞ ጀበና ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ጾታውን፣ እድሜውን፣ ማን ምን እንደያዘ አንድ በአንድ ጻፉለት፣ የአማርኛ ጽሁፉን ግን ራሳችሁ በኋላ ጨምሩ፣ ብዙ ጊዜ ፊደል እየፈጠረ ነው የሚያመጣው።

ሪባን፣ ሮዝ ወይስ ቀይ

ለዘመቻ ሪባን ካሰባችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የኤድስ ቀይ ሪባን በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ አርቲስቶች ተሰብስበው ነው የፈጠሩት፣ ሮዝንና ቀስተ ደመናን ሆን ብለው ትተዋል፣ በሽታው የአንድ ቡድን ብቻ እንዳይመስል። መብቱንም አልያዙትም፣ ማንም ሰርቶ እንዲያስረው። ይኸው እስካሁን ወንዱም ሴቱም ደረቱ ላይ ያደርገዋል። የጡት ካንሰር ሮዝ ሪባን ደሞ ሴቶችን በማሰባሰብ በኩል በጣም ተሳክቶለታል፣ ዋጋው ግን ወንድ በጡት ካንሰር ሊያዝ እንደሚችል ሰው አለማወቁ ነው፣ በአሜሪካ ከመቶ የጡት ካንሰር አንዱ ገደማ ወንድ ላይ ነው የሚገኘው። ጡቱ ላይ እብጠት ያየ ወንድ ሮዝ ያሸበረቀ ክፍል ለመግባት ያፍራል። አዲስ ዘመቻ ከሆነ ቀለሙን ከወዲሁ አስቡበት፣ በኋላ አይነሳም።

ገለልተኛ መሆን የሌለበት ጊዜ

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሽታው ራሱ ጾታ ከመረጠ ምስሉን ገለልተኛ ማድረግ መደበቅ ነው። የኤችፒቪ (የማህጸን በር ካንሰርን የሚከላከለው) ክትባት እኛ አገር በ2018 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለ14 አመት ልጃገረዶች ነበር፣ እዛ ላይ ወንድና ሴት ተማሪ እኩል ብትስሉ ወላጅ ይደናገራል። ትራኮማ የሚባለው የአይን በሽታ ሴቶችን ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ያሳውራል፣ ከህፃናት ጋር ስለሚውሉ ከነሱ ይጋባባቸዋል፣ በዓለም ላይ ደሞ ትልቁ ሸክም ያለው እኛ ጋ ነው፣ ስለዚህ ሽፋሽፍቷ የሚወጋትን ሴት በግልጽ አሳዩ። ቲቢ በተቃራኒው ነው፣ በዓለም ደረጃ በ2023 ከታመሙት 55 በመቶ ገደማ አዋቂ ወንዶች ነበሩ፣ ሴቶች 33፣ ህፃናት 12። ወንዶቹ ደሞ ጤና ጣቢያ ቶሎ አይመጡም፣ የሚያስል የቀን ሰራተኛ ወይ ሹፌር ብታሳዩ መልእክቱ መድረስ ያለበት ሰው ጋ ይደርሳል (ስዕል ይሁን ግን፣ ከላይ ያልኩትን አትርሱ)።

ምስሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ጽሁፉን እዩት። ጾታ የሌለው እጅ ስላችሁ ከስሩ "እጅህን ታጠብ" ካላችሁ ልፋታችሁ ገደል ገባ፣ "ይታጠቡ" ወይ "እንታጠብ" በሉ። ከዛ ፖስተሩን በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ አድርጉት፣ ወረዳ ሲደርስ ከለር ፕሪንተር የለም፣ ኮፒ የኮፒ ኮፒ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። አረንጓዴው ፕላስ ጥቁር መስቀል ከሆነ፣ እጁ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ከጠፋ፣ መስመሩን አወፍሩና እንደገና ኮፒ አድርጉ። ትንኝም ስትስሉ አታግዝፉት፣ የወባ አስተማሪዎች የሚያወሯት የድሮ ወሬ አለች፣ ሰዎቹ ትልቁን ስዕል አይተው "እኛ ጋ ይሄን የሚያክል ትንኝ የለም፣ ተመስገን" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ ይባላል። በመጨረሻ ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሰራተኛዋ፣ ቡና ለምታፈላው አሳዩና "ምን ይታያችኋል" በሉ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ፣ አታስረዱ። "ሰውዬው" ካሉ አላለቀም፣ ተመለሱ።